ቆጣሪው ተቆጣሪ

በአሜሪካዋ ዋሽንግተን ግዛት የካውንቲ ኦዲተር ይመረጥ ወይስ ይሾም ብሎ የሚጠይቅ ሰው ምቀኛ መሆን አለበት። ነገሩ እኮ እንደ ጠጅ የጠራ ነው። በአብዛኞቹ ካውንቲዎች ኦዲተሩን ሕዝብ ይመርጠዋል። እሱም የቤት ሰነድ ይመዘግባል፣ የጋብቻ ፈቃድ ይሰጣል። የካውንቲውን ሒሳብ መመርመር? እሱማ የግዛቱ ኦዲተር ጣጣ ነው፤ ኦዲተር ተብሎ ኦዲት ማድረግ ነውር ሳይሆን አይቀርም። በብዙዎቹ ዘንድ ከዕጩው ስም ጋር የሚመርጠው ፓርቲ ይጻፋል፤ መደመርና መቀነስም የዴሞክራትና የሪፐብሊካን ይኖረው ይሆናል። ምርጫ የሚያስፈጽመውም እሱው ነው፤ የራሱን ጭምር። ቢሸነፍ እንኳ መርዶውን ከባዳ አፍ አይሰማም።

ሲያትል ያለችበት ኪንግ ካውንቲ ግን ወግ አፈረሰች። ኦዲተሯን ምክር ቤቱ ይሾማል፤ ተሿሚውም፣ ጉድ ነው፣ ኦዲት ያደርጋል። ደግነቱ ሕዝቡ በ2008 እ.ኤ.አ. ነገሩን አስተካከለው፦ ከኦዲተሩ ተለይቶ በሹመት ይያዝ የነበረው የምርጫ ኃላፊነት በድምፅ እንዲያዝ ወሰነ። ድምፅ የሚያስቆጥር ሰው ድምፅ ሳይለምን እንዴት ይታመናል? በ2009 ምርጫው ተካሄደ። ያሸነፈችው ቀድሞ ተሹማ በወንበሩ ላይ የነበረችው ሴት ናት።