የዓድዋ ኬክ አጋገር ለመንዝ ወላጆች

የካቲት 23 ሲቃረብ ልጅን የአገር ፍቅር ማስተማር ግዴታ ነው። ማስተማሪያው ኬክ መሆኑን ደግሞ አዲስ አበባ ከወሰነች ሰንብታለች። ሕፃናቱ ጎፈር ደፍተው፣ የካርቶን ጋሻ አንግበው፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ክሬም የተቀባ ኬክ ከበው ፎቶ ይነሳሉ፤ አገርም ትድናለች። መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ ከዚህ ለምን ይቀራሉ? መሃል ሜዳ ከተማ ውስጥ ኬክ ሳይቆርስ ያደገ ልጅ፣ ነገ ወራሪ ቢመጣ በምን ወኔው ይመክታል?

እንግዲህ እንጀምር። ጎፈሩ አያሳስብም፤ የመንዝ በግ ለምድ ከሩቅ አንበሳ ይመስላል። ዱቄቱ ፉርኖ ይሁን። ገብስ በአጠገቡ እንዳያልፍ! ገብስ የአያት ነገር ነው፤ ፎቶ ላይም አያምርም። እርግጥ የዓድዋ ዘማች በሶ በጥብጦ፣ ቆሎ ቆርጥሞ ነው ከሸዋ ትግራይ የደረሰው፤ ምን ያድርግ፣ መንገዱ ላይ ኬክ ቤት አልነበረ። ኬክ ቤትን ኋላ ላይ ወደ ከተሞቻችን ካስገቡት መካከል የእነዚያው ዓድዋ ላይ የተሸነፉት ጣልያኖች ወገኖች ይገኙበታል። ልጁ ይህን ከጠየቀ ተጨማሪ ቁራጭ አጉርሱት።

ወደ ምድጃው እንለፍ። ከስልክ ላይ ያገኛችሁት አሠራር የተጻፈው ቆላ ለሚኖር ሰው ነው። መሃል ሜዳ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። አየሩ ስስ ነው፤ ውኃ በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሊጡ ቶሎ ይነፋል፣ የሚይዘው አካል ሳይበስል ደግሞ ይሰምጣል። በበዓል መድረክ እንደሚደረግ ንግግር፣ ኬኩ ተነፍቶ ተነፍቶ መሃሉ ወለል ይነካል። መላ አይጠፋም፤ ቤኪንግ ፓውደሩን ቀንሱ፣ ፈሳሹን ጨመር፣ ሙቀቱን ከፍ አድርጉ። መብራት ካለ ማለቴ ነው። ከሌለም ከላይና ከታች እሳት አድርጎ ድፎ ዳቦ የሚያበስል ምጣድ ጓዳችሁ ውስጥ አለ፤ ግን ድፎ ክሬም አይቀባም፣ ስለዚህ አገር መውደጃ አይሆንም።

የጾሙ ነገር ትንሽ ያስቸግራል። የካቲት 23 ብዙውን ጊዜ ዐቢይ ጾም ላይ ይውላል። እንቁላሉም ቅቤውም ይቀራል፤ በዘይት የተሠራ የጾም ኬክ ይሁንላችሁ፣ ቄሱም አይቆጡ። በ1888 ዓ.ም. ጦርነቱ የተደረገው እሑድ፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ ፋሲካ አምስት ሳምንት ሲቀረው ነበር። ያ ትውልድ በጾም ወራት ተዋጋ፤ እኛ ጾሙን ሳንገድፍ ስኳር የምንልስበትን ዘዴ አገኘን። ሥልጣኔ ይሏል ይህ ነው።

አሁን ማስጌጥ። ሰንደቅ ዓላማው ላይ ኮከብ ይኑር አይኑር የሚለውን ለወላጅ ኮሚቴ ተዉት፤ እስከ ሚያዝያ ይጨርሱታል። የእምዬ ምኒልክን ፊት ለመሣል የደፈረ ካለ ግን አስቀድሞ አንድ ነገር ይወስን፦ ጢማቸውን ማን ይበላል? ባርኔጣቸው ለርዕሰ መምህሩ እንደሚደርስ የታወቀ ነው። እቴጌ ጣይቱንም ከጎናቸው ካስቀመጣችሁ ሹሩባቸው ላይ ጠብ ይነሳል። ከሁሉ የሚያምረው የአፍሪካ ካርታ ነው። የአውሮፓ መንግሥታት በርሊን ተቀምጠው ለቅርምት ደንብ ያወጡላትን አህጉር፣ ከቅርምቱ የተረፈች አገር ልጆች በፕላስቲክ ቢላዋ ይቀራመቷታል፤ መምህሩም "አጨብጭቡ!" ይላል። ካርታው የኢትዮጵያ ከሆነ ደግሞ ለመንዝ ምን እንደሚደርሰው መንገዳችንን ያየ ሰው አይጠይቅም። ፍርፋሪ ነው።

ልጆቹ ምላሳቸው ሦስት ቀለም ሆኖ ቤት ይገባሉ። "ዛሬ ምን ተማርክ?" ሲባል፣ "ቀዩ ይጣፍጣል" ይላል የነገው አርበኛ።

የአርበኛ ነገር ከተነሳ፣ እዚሁ መንዝ ውስጥ፣ ዘረት ላይ፣ አመፀኛ ዋሻ የሚባል አለ። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የሸዋው የአርበኞች መሪ የአበበ አረጋይ ወገን የሆኑ አርበኞች ከነሴቶቻቸው፣ ከነሕፃናታቸው ተጠልለውበት ሳለ የፋሺስት ጣልያን ጦር የመርዝ ጋዝ ለቀቀባቸው፤ እጅ የሰጡትንም ወንዶች ረሸነ። በዚያ ዋሻ ውስጥ እንደኛዎቹ ያሉ ልጆች ነበሩ፤ ጎፈር አልደፉም፣ ፎቶም አልተነሱም። ከአሥርታት በኋላ ገብቶ አጥንቱን አይቶ የጻፈው ማቴዮ ዶሚኒዮኒ የሚባል ጣልያናዊ የታሪክ ተመራማሪ ነው። እኛ በክሬም ሥራ ተይዘን ነበር።

መምህራን ሆይ፣ ለዘንድሮው ኬክ የሰበሰባችሁትን መዋጮ ለወላጆች መልሱ። በሶ ያለው በሶ ይዞ ይምጣ፤ ስለ ዘረት ከአባታቸው የሰሙ አንድ አዛውንት ከክፍሉ ፊት አስቀምጡና ልጆቹ ይጠይቋቸው። ሰዓት ካልበቃ ፎቶው ይቅር።