ጉዳዩ፦ ደብዳቤ ማስተማርን ይመለከታል

የመደበኛ ደብዳቤ ትምህርት ልጆቻችንን ለሕይወት እንደሚያዘጋጅ አልጠራጠርም፤ ጥያቄው ለየትኛዋ ሕይወት ነው። ተማሪው ቀኑን በስተቀኝ አናት ላይ ያኖራል፣ ተቀባዩን ይጽፋል፣ «ጉዳዩ» ብሎ ከሥሩ ያሰምራል፤ ከዚያ «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ይልና ርዕሱ የገለጸውን እንደገና ይገልጻል። ለምሳሌ ቧንቧው ከደረቀ ሁለት ወር እንዳለፈው የሚናገረው ዐረፍተ ነገር የሚመጣው በሦስተኛው አንቀጽ፣ ያውም «የሚመለከተው አካል አስፈላጊውን ትብብር እንዲያደርግልን በታላቅ ትሕትና» ከሚለው ጋር ተጣብቆ ነው። ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ ያድርግ? እሱን መጠየቅ ድፍረት ይመስላል። ግልባጩ ግን ለአምስት ቢሮ ይደርሳል፤ አንዱ አላየሁም ቢል የቀሩት አራቱም አላየንም እንዲሉ።

ቅርጹ ሥርዓት ነው፣ ያለ እሱ ጽሑፉ ተቀባይነት አያገኝም የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ለባለጉዳይም መከታ የሚሆንበት ጊዜ አለ። መከታው ያለው ግን ትሕትናው ውስጥ ሳይሆን መዝገብ ቤቱ በሚሰጠው የገቢ ቁጥር ላይ ነው። ቁጥር ያልተሰጠው ማመልከቻ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ መልሱ «አልደረሰንም» ነው። ስለዚህ ፈተናው እንዲህ ቢሆንስ፦ ተማሪው የሚፈልገውን በሁለት መስመር ይጻፍ፣ የመዝገብ ቤቱን ቦታ ለያዙት መምህር ያስገባ፣ በራሱ ቅጂ ላይ ቀንና ቁጥር አስጽፎ ይመለስ። መምህሩም እውነት እንዲመስል መጀመሪያ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ተመለስ» ይበሉት። ሁሉም ለራሱ መጻፍ ከቻለ፣ በፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግተው ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፉት ራፖር ጸሐፊዎች እንጀራቸው ይነካል፤ ለእነሱ ሲባል ትምህርቱ ባለበት ይቀጥል የሚል ካለ፣ ማመልከቻውን በሦስት ቅጂ ያቅርብ።