ወፍ ጋባዡ

ኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዓይነት አላት ሲባል ብሰማ፣ «ጥቂቶቹ እንኳ ለእኔ ጓሮ ይድረሱኝ» ብዬ ተነሣሁ። የምኖረው ግን ጭሮ ነው፤ የወፍ ወዳጅ ነኝ ብሎ አፍ ሞልቶ የማይነገርበት አገር። ወደ ሚኤሶ ቆላ ወረድ ብትሉ፣ ማሽላው ሲያሸት ገበሬው ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ ሲያስጮህ ይውላል። ቢያባርር አይፈረድበትም። አንዲት ግሪሳ በቀን እስከ 10 ግራም እህል ትጨርሳለች፤ መንጋው ደግሞ በሚሊዮን ይቆጠራል።

ይህን እያወቅሁ ጓሮዬ ማሽላ በተንኩ። ቆላ እርሻ ያላቸው ጎረቤቴ በአጥር በኩል ብቅ አሉና «አቦ፣ እኛ የምናባርረውን አንተ ምሳ ትጋብዛለህ?» አሉኝ።

«ኧረ ለዶሮዎቹ ነው!» አልኳቸው። ዶሮ የለኝም።

ፍርሃቴን ካወራሁ አይቀር ስስቴንም ልናገር። የበተንኩት ማሽላ ነቀዝ የጨረሰው፣ ለእንጀራ የማይሆን ነበር። ወፎቹ መጥተው ነቀዙን ለቀሙና ማሽላውን ትተውልኝ ሄዱ።

ቀጥሎ አዋቂነት ቃጣኝ። ወንዱ ሸማኔ ወፍ ጎጆውን ቀጭን ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ የሚያንጠለጥለው እባብ እንዳይደርስበት መሆኑን፣ ሴቷም መርምራ ካልወደደችው ጥላው እንደምትሄድ ለሰው ሁሉ ሳስረዳ ከረምኩ። በዚያው ሰሞን «ግቢው ይመር» ብዬ ግራሩን ከረከምኩት። የቆረጥኩት ምኑን እንደሆነ ሳትገምቱ አትቀሩም፤ ቀጫጭኑን ጫፍ ሁሉ።

ተስፋ ቆርጬ ጓሮውን ረሳሁት። ወፎቹ የመጡት ያኔ ነው። ያላረምኩት ሣር ፍሬ ይዞ ነበር፤ ጥቃቅኖቹ ወፎች ዘለላው ላይ ተንጠላጥለው ይለቅሙታል። ያልነቀልኩት እሬት አበባ አውጥቶ፣ ቆልማማ ምንቃር ያላት አንዲት የምታብረቀርቅ ወፍ ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው እየዘለለች ማሩን ትመጥጣለች። ያላሠራሁት ቧንቧ ያንጠባጠበው ውሃ ደግሞ ለዋኔዎቹ መጠጫም መታጠቢያም ሆነ።

ስንፍናዬ ያመጣውን ሲሳይ እኔ በጥበብ ስም መዘገብኩት። እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓሮ እወስድና «ቀላል ልፋት እንዳይመስላችሁ» እላለሁ። ባለቤቴ «ቧንቧውን አሠራ» ስትለኝም መልሴ አንድ ነው፤ «ለወፎቹ ብዬ ነው።»

ባለፈው ክረምት ቀና ብላ አየችና «ጣሪያውም የሚያፈሰው ለወፎቹ ነው?» አለችኝ።

እያሰብኩበት ነው።