ልቤን ካርታ አነሱት

እኔ ልቤን ለሰው የማሳይ ሰው አልነበርኩም። ዘመኔን ሁሉ ሸሽጌ የኖርኩትን ነው እንግዲህ የሜሪላንድ ሐኪሞች በብሽሽቴ ቀጭን ቱቦ አስገብተው፣ ባለቀለም ካርታ አንስተው፣ በስክሪን ላይ እያገላበጡ የተመለከቱት!

በሽታህ «ኤትሪያል ፍላተር» ነው አሉኝ። የልብ ሰብሳቢ በቀኝ በኩል ላይኛው ክፍል ተቀምጦ፣ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ትእዛዝ ይሰጣል። የእኔ ልብ ግን የሰፈራችን እድር ሆኖ አረፈው፤ አንድ ነገረኛ ተነሥቶ ያንኑ አቤቱታ እየደጋገመ አይቀመጥም። የኤሌክትሪኩ ሞገድ በላይኛው ክፍል ክብ ሠርቶ በደቂቃ 300 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ዞሮ ከተነሣበት ሲደርስ ራሱን ቀስቅሶ እንደገና ይሄዳል። ደግነቱ መሐል ላይ በረኛ አለ፤ ከሁለት አንዱን ብቻ እያሳለፈ የታችኛውን ክፍል 150 ላይ አቆመልኝ። ይህም ደግነት ከተባለ!

ከሁሉ የሚያናድደው የዝምድናው ነገር ነው። ይህን መዞር እ.ኤ.አ. በ1906 አልፍሬድ ሜየር የሚባል ተመራማሪ አስቀድሞ ያየው በጄሊፊሽ ነው አሉ። ልብ በሌለው ፍጥረት! ጆርጅ ማይንስ ደግሞ በ1913 በልብ ጡንቻም እንደሚሆን አሳየ። ይኸው ተራው ለእኔ ደረሰ።

ድሮ አይንትሆቨን የልብን ኤሌክትሪክ ሲለካ «እጅና እግርህን ጨው ውኃ ውስጥ ንከር» ብሎ ነበር የሚያበቃው። የዛሬዎቹ ከውስጥ ገብተው እየዳበሱ፣ ሞገዱ የት ቀድሞ የት ዘግይቶ እንደደረሰ ይመዘግባሉ። የቀደመው ቀይ፣ የዘገየው ሐምራዊ ነው። ቀዩና ሐምራዊው ጎን ለጎን ሲገናኙ «አገኘነው፣ እየዞረ ነው!» ብለው ደስ አላቸው። በሰው መከራ!

ከዚያ ሞገዱ የሚያልፍባትን ጠባብ መተላለፊያ ተኮሷት። ጠባሳ ኤሌክትሪክ አያሳልፍምና መንገዱ ተዘጋ፤ ምቴ ተስተካከለ። ሰው ሁሉ ሲያቆስለው የኖረ ልብ መድኃኒቱ ሌላ ጠባሳ ሆነና ዐረፈ።

ልጄ ግን አላረፈችም፤ ካርታውን በቴሌግራም ለዘመድ አዝማድ በተነችው። ባለቤቴ መነጽሯን አድርጋ አየችውና «እኔ የቱ ጋ ነኝ?» አለች። እኔም ለማስደሰት ያችን ጠባብ መተላለፊያ አሳየኋት፤ «ያለዚህች መንገድ ልቤ ዞሮ አያውቅም» አልኳት። የተተኮሰችው እሷ መሆኗን ያስረዳቻት ያችው ልጄ ናት። ከዚያ ወዲህ እራቴን የማሞቀው እኔው ነኝ።