ያልመጣ መርዶ

የአገራችን ሰው ከደስታ ሁሉ አብልጦ የሚፈራው ብዙ ሳቅን ይመስለኛል። ማዕድ ቀርቦ፣ ጨዋታው ደርቶ፣ ቤተ ሰቡ ሁሉ ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ሲስቅ ከቆየ በኋላ፣ ከመካከል አንዱ በድንገት ኮስተር ብሎ «ይህ ሁሉ ሳቅ ምን ሊያመጣ ይሆን? ብቻ ለደኅና ያድርገው» ያለ እንደ ሆነ፣ ያ ሁሉ ፍሥሐ ቀረጥ እንዳልተከፈለበት ዕቃ ተይዞ ይቀራል።

የዚህ ጥበብ ሊቅ አጎቴ ናቸው። መርዶ በወጋችን የሚነገረው ማለዳ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ መሆኑ የታወቀ ነውና፣ ፀሐይ ሳትወጣ የተንኳኳ በር ሁሉ፣ አንኳኪዋ ወተት አምጪዋ እንኳ ብትሆን፣ ለአጎቴ የሞት መልእክተኛ ነው። አንድ እሑድ ማለዳ ሦስት ሽማግሎች ነጫጭ ጋቢ ለብሰው ከደጅ ቢቆሙ፣ አጎቴ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው «የቱ ወንድሜ ነው? አትደብቁኝ!» ብለው ጮኹ፤ አክስቴም ምንም ሳይጠይቁ ደረታቸውን ይመቱ ጀመር። ሽማግሎቹ በበኩላቸው ቤቱን በልቅሶ ቢያገኙት፣ የመጡበትን ጉዳይ ማንሣት ነውር ሆኖባቸው፣ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ብለው ከሐዘንተኞቹ ጋራ ተቀመጡ። አምስት ሰው በአንድ ቤት ይተክዛል፤ ማን እንደ ሞተ ግን የሚያውቅ የለም፣ ለመጠየቅም የደፈረ አልተገኘም። ጎረቤት የእድሩ ድንኳን ይምጣ አይምጣ ሲማከር፣ የአጎቴ ልጅ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ሰዎቹ እርሷን ለጋብቻ ሊጠይቁ የተላኩ መሆናቸውን ተናገረች። አጎቴም እንባቸውን ጠርገው «ብዬ ነበር! ሴት ልጅ ከቤት መውጣቷስ ከሐዘን ምን ያንሳል?» አሉ።

በኦሪቱ ሕግ ትንቢቱ ያልደረሰለት ነቢይ ሐሰተኛ ነው፤ የክፉ ነገር ነቢይ ግን ቢደርስ «አላልኩም?»፣ ባይደርስ «ገና ነው» እያለ ሹመቱን ያጸናል። (እውነተኛ ሐዘን የደረሰበትን ሰው ይህ ወግ አይመለከተውም፤ የእርሱ እንባ ባለቤት አለው።)

ያለ ምክንያት የመተከዝ ደዌ አዲስ አይደለም። በግብፅ በረሃ ኖሮ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ399 ያረፈው መነኵሴ ኤዋግሪዮስ፣ እኩያት ሐሳቦችን 8 ብሎ ሲቈጥር አንደኛውን የቀትር ጋኔን አለው፤ ይህም ጋኔን ወንበዴ ያልመጣበትን፣ ቀለቡም ያላለቀበትን ባሕታዊ ቀኑ 50 ሰዓት ያለው እያስመሰለ በዓቱንም ወንድሞቹንም ያስጠላዋል። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በዚያው አቈጣጠር በ1960ዎቹ፣ በፊላደልፊያ የነበረው ሐኪም አሮን ቤክ ትካዜ የጸናባቸውን ሕሙማን ሲመረምር፣ ሳይጠሩት ከኅሊና የሚፈልቅ ክፉ ሐሳብ እንደሚከተላቸው አስተውሎ፣ ያ ሐሳብ ከመታመኑ በፊት ማስረጃው እንዲመረመር አስተማረ።

እኔም ይህን ትምህርት ይዤ ወደ አጎቴ ሄድኩ። የልጃቸው ሠርግ በጥር ወር ነበርና፣ ደመና በሌለበት ሰማይ ሥር ቆመው ዝናም ሲጠባበቁ አግኝቼ «ጋሼ፣ ለመሆኑ ማስረጃዎ ምንድን ነው?» ብላቸው፣ «አንተ ልጅ፣ ማስረጃው ሲመጣ ታየዋለህ» ብለው ዣንጥላቸውን አስመጡ። ዝናሙ አልመጣም፤ ዣንጥላው ግን የሙሽራይቱን እናት ከፀሐይ ስለ ጋረደ፣ አጎቴ ይህንንም ከደረሱላቸው ትንቢቶች ቈጠሩት።

ልጅቱ ትዳሯ ሰምሮላት የልጆች እናት ሆናለች። አጎቴ ግን ስለ ጋብቻው የተጠየቁ እንደ ሆነ፣ እስከ ዛሬ መልሳቸው «እስቲ እናያለን» ነው።