ጥቁር ጀግናን አበላሽቶ መሣል፦ ለጀማሪዎች የተዘጋጀ መመሪያ

ኮሚክ ለማሳተም ተነሥተሃል አሉ፤ ይቅናህ። ጀግናህ እንዲበር፣ ሕንፃ እንዲሸከም፣ በጡጫ ግድግዳ እንዲንድ አድርጎ መሣልን ማንም ያስተምርሃል። አስተማሪ የማይገኝለት ሙያ ሌላ ነው፦ ጥቁር ሰው ሥሎ ሰውነቱን መደበቅ። አሜሪካኖች ይህን ሙያ ለረጅም ዘመን ተራቅቀውበታልና ከእነሱ መቅዳት ይበቃሃል። የሚከተሉትን ትእዛዛት ሳታዛንፍ ከፈጸምህ ሥራው ይበላሻል፤ አንተ ግን «ከደሙ ንጹሕ ነኝ» ብለህ ትወጣለህ።

አንደኛ፦ በቀለሙ አሳብብ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከማተሚያ ቤቱ ጀምር። የድሮው የአሜሪካ ኮሚክ በርካሽ የጋዜጣ ወረቀት ላይ፣ በቢጫ፣ በቀይ፣ በሰማያዊና በጥቁር ቀለም ይታተም ነበር። ከጥቁሩ በቀር ሦስቱ ቀለማት እያንዳንዳቸው ወይ ጨርሶ አይገቡም፣ ወይ ሩብ፣ ወይ ግማሽ፣ ወይ ሙሉ ይገባሉ። ቢደባለቁ ቢደባለቁ የሚገኘው 64 ዓይነት ቀለም ነው። የነጭ ሰው ቆዳ ልኩ የታወቀ ነበር፦ ሩብ ቢጫ፣ ሩብ ቀይ፣ አለቀ። ለጥቁር ሰው ግን ሦስቱም መግባት አለባቸው። ጥቃቅኖቹ ነጠብጣቦች በዚያ ሻካራ ወረቀት ላይ ሲደራረቡ ሰውየው አንዳንዴ ግራጫ፣ አንዳንዴ ሐምራዊ፣ አንዳንዴም ጭቃ መስሎ ይወጣል። ይህ ላንተ ሲሳይ ነው። ጠይም፣ ቀይ ዳማ፣ ጠቆር ያለ እያልህ አትድከም፤ ለሁሉም አንድ ቡናማ መድብና «ማሽኑ ከዚህ በላይ አይችልም» በል።

ሀልክ ስለተባለው ጭራቅ ግን ትንፍሽ እንዳትል። ሀልክ እ.ኤ.አ. በ1962 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆች ቁጠርልኝ) መጀመሪያ ሲወጣ ግራጫ ነበር። ማሽኑ ግራጫውን ከገጽ ገጽ እያለያየ ሲያስቸግር፣ ደራሲው ስታን ሊ በሁለተኛው እትም ፍጡሩን አረንጓዴ አደረገውና ተገላገለ። የጭራቅ መልክ ሲበላሽ መላው በአንድ እትም መገኘቱን አንባቢ ከሰማ፣ የማሽኑን ሰበብ ማን ያምንሃል?

ሁለተኛ፦ ከሰው በፊት ለሰማያዊው ቦታ ስጥ

ዘረኛ እንዳትባል ገጹን በቀለም አጥለቅልቀው። ከ1958 ጀምሮ የወጣው «የልዕለ ጀግኖች ሌጌዎን» ጥሩ አርአያ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው ከአንድ ሺህ ዓመት በኋላ ነው፤ ከአባላቱም መካከል አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ብርቱካናማ ቆዳ ያላቸው ነበሩ። ታይሮክ የተባለው የመጀመሪያው ጥቁር አባል የመጣው በ1976 ነው። እስከዚያ የት ነበሩ ለሚል ጠያቂም መልስ ተዘጋጀለት፦ ጥቁሮቹ ራሳቸውን ለይተው፣ አንዳንዴ ከምድር ላይ በምትሰወር ደሴት ይኖሩ ነበር! ሰው ከማካተት ደሴት መሰወር ይቀልሃል።

በ1970 ዴኒ ኦኒልና ኒል አዳምስ በ«ግሪን ላንተርን» ውስጥ አንድ ጥቁር ሽማግሌ አመጡ። ሽማግሌው ጀግናውን ፊት ለፊት ገጥሞ፣ በሩቅ ፕላኔት ላሉት ባለ ብዙ ቀለም ፍጡራን ይህን ያህል ከደከመ ለጥቁሩ ሰው ለምን እንዳልደረሰለት ጠየቀው። ጀግናው አንገቱን ደፋ። አንተ እንዲህ ያለ ሽማግሌ በገጽህ እንዳታስገባ።

ሦስተኛ፦ ማተሚያ ቤቱ «ያርምልህ»

አንዳንዴ አንተ ሳትደክም ሌላው ያበላሽልሃል። በ1963 በወጣው የ«ሳጅን ፊዩሪ» የመጀመሪያ እትም ጌብ ጆንስ የተባለ ጥቁር ወታደር ነበር። የቀለሙን ሥራ የያዙት ሰዎች ጥቁር ወታደር ከነጮቹ ጓዶቹ ጋር ሲያዩ፣ ስሕተት መስሏቸው ነጭ አድርገው አተሙት። ማንም ክፉ አላሰበም፤ እንዲያውም መርዳታቸው ነበር። የዚህ ሙያ ቁንጮው ይኸው ነው፤ ልማዱ ከጸና ባለቤት የሌለው ጥፋት በራሱ ይሠራል።

አራተኛ፦ ፊቱን ሸፍን

ጥቁር ጀግና መሣል ግድ ከሆነብህ ጭምብል አጥልቅለት። ብላክ ፓንተር በ1966 ሲወጣ፣ በመጀመሪያ በተሣለው ሽፋን ላይ ጭምብሉ የፊቱን ታችኛ ክፍል ገልጦ ያሳይ ነበር። ለገበያ በቀረበው ሽፋን ላይ ግን ከአናቱ እስከ አንገቱ ተሸፈነ። አየህ፣ የአንድ አፍሪካዊ አገር ንጉሥ ማን እንደሆነ ሳይታወቅ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል።

አምስተኛ፦ አንድ ለእናቱ ይሁን

ጥቁር ገጸ ባሕሪህ ከአንድ አይበልጥ። ብቻውን ሲሆን ፈሪ ካደረግኸው ዘሩ ሁሉ ፈሪ ይሆናል፣ ጨካኝ ካደረግኸውም እንዲሁ፤ ባንድ ሥዕል ሚሊዮኖችን መሳደብ የሚቻለው በዚህ ዘዴ ነው። ሥራም አታብዛለት፤ የሌላውን ቅዳ። ማርቭል በተባለው አሳታሚ ዘንድ አርታኢ የነበረው ድዌይን ማክዳፊ በ1989 ለአለቆቹ የፌዝ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፦ ሁሉም በስኬትቦርድ የሚሄዱ የጥቁር ኒንጃ ወጣቶች ቡድን ይቋቋም የሚል። ምክንያቱም በእሱ ስሌት በጊዜው ከነበሩት የማርቭል ጥቁር ልዕለ ጀግኖች ሩቡ ስኬትቦርድ ነጂ ነበር። አለቆቹ ይሣቁም ይቆጡም፣ አንተ ግን ሐሳቡን ከምርህ ውሰደው።

ስድስተኛ፦ ሕግ አውጣ፣ ሕጉን በሕጉ ስበር

የኮሚክ አሳታሚዎች በ1954 ያወጡት የሥነ ምግባር ደንብ በዘር ላይ ማላገጥን ይከለክል ነበር። አሁን ይህ ደንብ እንዴት እንደሠራ በቅርብ ተመልከት። የአል ፌልድስታይንና የጆ ኦርላንዶ «የፍርድ ቀን» በ1953 የወጣ አጭር ታሪክ ነው። የራስ ቁር ያጠለቀ የምድር መልእክተኛ ሮቦቶች ወደሚኖሩበት ፕላኔት ይሄዳል። ብርቱካናማዎቹ ሮቦቶች ሰማያዊዎቹን ይጨቁናሉ፤ የሁሉም ውስጣቸው ግን አንድ ነው። መልእክተኛው «ገና አልደረሳችሁም» ብሎ ይመለሳል። በመጨረሻው ሥዕል መንኮራኩሩ ውስጥ ሆኖ ቁሩን ያወልቃል፤ ጥቁር ሰው ነው፤ በፊቱ ላይ ያለው ላብ እንደ ሩቅ ከዋክብት ያበራል።

አሳታሚው ቢል ጌይንስ ታሪኩን በ1956 ደግሞ ሊያትመው ሲል፣ ደንቡን የሚያስከብሩት ዳኛ ቻርልስ መርፊ ሰውየው ጥቁር መሆን የለበትም አሉ። የታሪኩ ቁም ነገር እሱ መሆኑ ተነገራቸው። ጌይንስ ጉዳዩን ለጋዜጠኞች አወጣዋለሁ ብሎ ሲዝት፣ ዳኛው ቢያንስ ላቡ ይጥፋ ወደ ማለት ወረዱ። አልጠፋም፤ ታሪኩ እንዳለ ታተመ። የጌይንስ ድርጅት ከዚያ በኋላ የኮሚክ መጽሔት አላወጣም። አንተ የዳኛውን ፈለግ ተከተል፤ ሰውየውን ማጥፋት ካቃተህ ወዙን አጥፋ።

ሰባተኛ፦ ገበያው ይፍረድ

በ1947 ፊላዴልፊያ ውስጥ ጋዜጠኛው ኦሪን ኢቫንስ ጸሐፊዎቹም ሠዓሊዎቹም ጥቁሮች የሆኑበትን «ኦል ኔግሮ ኮሚክስ» በ15 ሳንቲም አወጣ። ለሁለተኛው እትም ግን ወረቀት የሚሸጥለት ጠፋ። በ1965 ዴል የተባለው አሳታሚ ሎቦ የተባለ ጥቁር ካውቦይን ባለ ታሪክ አድርጎ መጽሔት አወጣ፤ ሠዓሊው ቶኒ ታላሪኮ እንደተናገረው እሽጉ ሳይፈታ የመለሱ ሻጮች ነበሩ። ከሁለት እትም አላለፈም። ወረቀት ከልክለህ፣ እሽግ መልሰህ፣ ከዚያ «አንባቢው አልፈለገውም» ማለት ነው።

ማስጠንቀቂያ

ከማይልስቶን ሰዎች ራቅ። ማክዳፊና ዴኒስ ካወን ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1993 የጀመሩት ድርጅት ነው። ቀለሙን እንደ ትርፍ ጉዳይ አላዩትም፤ ቆዳ ከሰው ሰው እንዲለይ የሚያደርግ የአቀባብ ስልት ይዘው መጡ። ጥቁር ገጸ ባሕሪያቸውም ብዙ ነው፤ እርስ በርሳቸውም አይስማሙም። አይከን ወግ አጥባቂ ጠበቃ ነው፤ አብራው የምትዋጋው ሮኬት ደግሞ የድሃ ሰፈር ወጣት ናት፤ በየገጹ ትሞግተዋለች። ስታቲክ ገና ተማሪ ቤት ነው። አንዱ ቢሳሳት የተሳሳተው እሱ ብቻ ነው፤ ዘሩ አይከሰስም።

እነዚህን መጽሔቶች አንባቢ ካያቸው፣ ሠዓሊው በቀለሙ፣ ቀለም ቀቢው በማሽኑ፣ አሳታሚው በሻጩ፣ ሻጩ በአንባቢው ያሳበበው ሁሉ ዋጋ ያጣል። ያኔ ይህ መመሪያ አይጠቅምህም፤ ሰው መሣል ልትማር ነው።