ሲጠፋ የሚያምር ቴሌቪዥን አመራረጥ

ሰቆጣም ሆነ በሌሎቹ የዋግ ኽምራ ከተሞች፣ በአነስተኛ ገቢ ሰፊ ስክሪን ለመግዛት የተነሣ ሰው የመጀመሪያ ስሕተቱ ባለሱቁን «እስቲ አብራልኝ» ማለቱ ነው። ሲበራ የማያምር ቴሌቪዥን የለም፤ ሱቅ ውስጥ የሚጫወተው ቪዲዮ የባሕር ዓሣና ጤዛ ያረፈበት አበባ ስለሆነ ሁሉም ዕቃ ያው ይመስላል። ብልህ ገዢ «አጥፋልኝ» ይላል። ጠፍቶ ግድግዳውን ምን ያህል እንደሚሞላ፣ ጥቁሩ መስታወት የእንግዳን ፊት አጥርቶ ያሳይ እንደሆነ፣ የሚለብሰው ዳንቴል ስንት ክንድ እንደሚፈጅ ይመረምራል። ቴሌቪዥን ዕድሜውን በአብዛኛው የሚገፋው ጠፍቶ ነው፤ ዕቃን ደግሞ አዘውትሮ በሚገኝበት ሁኔታ መመዘን የአስተዋይ ሰው ወግ ነው። ስለዚህ ዕቁባቸውን በልተው፣ የጎደለውን ተበድረው ባለ 55 ኢንች የሚያስገቡ ወገኖቻችንን «አባካኝ» የሚሉ ተቺዎች ነገሩ አልገባቸውም። ሰዎቹ ዕቃውን የገዙት ሊያዩበት ሳይሆን ሊታዩበት ነው፤ ለዚህ ጉዳይ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ዕቃ እስካሁን አልተሠራም።

ንግዱ ቁጥር ይወዳልና ከቁጥሩ እንጀምር። ኢንቹ የሚለካው ከአንዱ ጥግ ወደ ማዶው ጥግ፣ በሰያፍ ነው። ሰያፍ ልክ ለሻጭ ይመቻል፤ አራት ለሦስት የነበረው የድሮው ቴሌቪዥንና አሥራ ስድስት ለዘጠኝ የሆነው ሰፊው ስክሪን እኩል ኢንች ቢኖራቸው፣ የአዲሱ መስታወት በስፋት 11 በመቶ ያህል ያንሳል። ያም ሆኖ የድሮው ባለ 21 ኢንች ሳጥን ከፍታው 32 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ የዛሬው ባለ 32 ኢንች ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍታና 71 ሴንቲ ሜትር ወርድ አለው። ጎረቤት ሁሉ በሳጥኑ ፊት ተኮልኩሎ ድራማ ሲከታተል ምስሉ አነሰኝ ያለ ካልነበረ፣ 32ቱ ተርፎ የሚፈስ ነው። ባለ 55ቱ 122 ሴንቲ ሜትር ወርድ አለው፤ ስፋቱ የ32ቱን ሦስት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። አራት በአራት በሆነች የኪራይ ክፍል ውስጥ አልጋውና ብፌው ቦታቸውን ከያዙ በኋላ ተመልካቹ ከግድግዳው የሚርቀው ሦስት ሜትር ያህል ነው። ጤነኛ ዓይን ለይቶ የሚያየው የዲግሪ አንድ ስድሳኛ ያህል ነው፤ ይህም በሦስት ሜትር ርቀት ወደ 0.9 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። በርካሹ ባለ 32 ኢንች ላይ በአግድም የተደረደሩት 1,366 ነጥቦች እያንዳንዳቸው ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ናቸው፤ ይኸውም ዓይን ከሚለየው አስቀድሞ ያነሰ ነው። ባለ 55ቱ ፎርኬ (4K) ደግሞ 3,840 ነጥብ ደርድሮ እያንዳንዷን ወደ 0.3 ሚሊ ሜትር ያወርዳታል። አብዛኞቹ ጣቢያዎቻችን ፎርኬ የሚባል ምስል አለማሰራጨታቸውን ብንተወው እንኳ፣ ገዢው ከቤተሰቡ መካከል አንድም ሰው ከተቀመጠበት ሊያየው የማይችለውን ጥራት በጥሬ ብር ከፍሎበታል። ይህን ብክነት የሚሉት አሉ። ያላዩትን ማመን ሃይማኖት እንጂ ብክነት ተብሎ አያውቅም።

ወደሚበራበት ሰዓት እንምጣ። ከዋግ ምድር ዳርቻ የተከዜ ግድብ አለ፤ ከፍታው 188 ሜትር፣ ኃይሉ 300 ሜጋ ዋት፣ በ2002 ሲመረቅ በአፍሪካ ከዓይነቱ ረጅሙ የተባለለት ነው። የአበርገሌ ወረዳ ሰው ከግድቡ ሐይቅ ዓሣ ያወጣል። የመብራቱ ነገር ግን ሌላ ነው፤ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ መስመሩ ተቋርጦ ሰቆጣ ወራትን ያለ መብራትና ያለ ስልክ አሳልፋለች። መብራት ባለበት ቀንም ቢሆን ከፍ ዝቅ የሚለው ኃይል መጀመሪያ የሚያንኳኳው የውድ ዕቃ በር ነው። በዚያ ላይ በ2013 ጣቢያዎቻችን ናይልሳትን ትተው ኢትዮሳት በሚል ስም በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ወዳለው ሳተላይት ሲዞሩ፣ የየቤቱ ዲሽ አብሮ መዞር ነበረበት፤ ላም አለኝ በሰማይ የሚለው ሰው ላሟ ግጦሽ ስትቀይርም መከተል አለበት። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው «ስማርት» ደግሞ ኢንተርኔት ሲኖር ነው ስማርት። በሐምሌ 2015 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲዘጋ፣ በክልሉ ያለ ስማርት ቴሌቪዥን ሁሉ ከማይማሩት ጋር ተደመረ። እንግዲህ ልብ ይባል፦ የመብራት መቆራረጥ፣ የዲሽ መዞር፣ የኢንተርኔት መዘጋት፣ እነዚህ ሁሉ የሚጎዱት የበራ ቴሌቪዥንን ነው። ጠፍቶ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ባለ 55 ኢንች ግን አንዳቸውም አይነኩትም። ከመሠረተ ልማት ነጻ የሆነ ዘመናዊነት ማለት ይህ ነው።

በርቶ ሲገኝም ቢሆን ሰፊው ስክሪን ለአካባቢያችን ያደረገው ታላቅ ውለታ አለ። በአራት ለሦስት ቅርጽ የተቀረጸ የቆየ ፊልም፣ የድሮ ዘፈን ወይም የሠርግ ቪዲዮ ሲታይ ስክሪኑ ግራና ቀኙን ጥቁር መተው አለበት። ባለቤቱ ግን ለጥቁሩም ከፍሏልና አይተወውም፤ ሪሞቱን ተጭኖ ምስሉን ወደ ጎን ይለጥጠዋል። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ በአንድ ሦስተኛ ይሰፋል። ጉንጭ ይሞላል፣ ክንድ ይወፍራል፣ ከሲታው ዘፋኝ ባለጸጋ ይመስላል። እንደሚታወቀው መንግሥት በሐምሌ 2007 የሰቆጣ ቃል ኪዳን በሚል ስም፣ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2022፣ በፈረንጆቹ 2030 መሆኑ ነው፣ ለማጥፋት ቃል ገብቷል። የከተማዋ ስም ለመልካም ሐሳብ ዋለ፤ ሐሳቡ ግን እንቁላል፣ ወተት፣ ንጹሕ ውኃና የጓሮ አትክልት ይጠይቃል፤ አሰልቺ ዝርዝር ነው። ለጥጦ የሚያወፍረው ስክሪን ግን ዒላማውን በአንድ የሪሞት ቁልፍ ይመታል። ቅር የሚያሰኘው ወደ ጎን እንጂ ወደ ላይ አለማሳደጉ ብቻ ነው፤ መቀንጨር ደግሞ የቁመት ጉዳይ ነው።

ልማዱን ድኻው ከራሱ አመነጨው ማለትም ግፍ ነው። ቴሌቪዥን ወደዚህ አገር የገባው በ1957 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስብሰባ አዲስ አበባ ላይ ሲደረግ ነው፤ እንግዳ መጣ፣ ዕቃው ተገዛ። በሙሉ ቀለም ማሰራጨት የተጀመረው ደግሞ የደርግ ፓርቲ ኢሠፓ ሲመሠረትና የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲከበር፣ በ1976 መጨረሻና በ1977 መግቢያ ሰሞን ነበር። የ77 ድርቅ ማለት ምን እንደሆነ ለዋግ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። የሰሜኑ ገበሬ ልጁን ይዞ ወደ ኮረም የዕርዳታ ጣቢያ ሲሰደድ፣ በዋና ከተማው የበዓሉ ሰልፍ በቀለም ይታይ ነበር፤ ቀዩ ከምንጊዜውም የበለጠ ቀይ ሆኖ። ሌማቱ ባዶ ሳለ ስክሪን ማሳመርን ማን ለማን እንዳስተማረው ከዚህ ወዲያ ማስረጃ አልፈልግም። የሰቆጣው ባለ ዕቁብ፣ መንግሥት በትልቁ የሠራውን በአራት በአራት ክፍል ውስጥ በትንሹ ቢደግም ጥሩ ተማሪ ነው ማለት ነው።

ለባለ 55ቱ የሚሟገቱ ሰዎች አንዳንዴ ከኔም ይልቅ ደካማ ምክንያት ያመጣሉ። ኳስ በትልቁ ነው የሚያምረው ይላሉ። ያምራል፤ ግን ኳስ ከሰውና ከጩኸት ጋር እንጂ ብቻ ለብቻ አያምርም። ዲኤስ ቲቪ የሚያሳዩ ቤቶች ደግሞ ትልቁን ስክሪን፣ ክፍያውንና ጄኔሬተሩን ችለው በጥቂት ብር ያስገባሉ። ጠንከር ያለው ክርክር የብሩ ነው። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ፤ ብር ከማስቀመጥ ዕቃ ማስቀመጥ ይሻላል ያለ ሰው ሞኝ አልነበረም። ነገር ግን ከዕቃ ሁሉ መርጦ በየዓመቱ አዲስ ሞዴል የሚወጣበትን፣ መስታወቱ አንድ ቀን በልጅ ኳስ ከተሰነጠቀ ለማስጠገን የአዲስ ያህል የሚያስወጣውን ማስቀመጥ ምን የሚሉት ቁጠባ ነው? አበርገሌ በፍየሏ የታወቀች ናት፤ ፍየል ትወልዳለች፣ ትታለባለች፣ ሲቸግር ገበያ ትወጣለች። ዋግ ማር አላት፤ ቀፎ ለመግዛት ዕቁብ መብላት አያስፈልግም። ቴሌቪዥን ወልዶ አያውቅም፤ ቢወልድ ኖሮ የሚወልደው ስታብላይዘር፣ ዲቫይደር፣ የግድግዳ መስቀያና ዕዳ ነበር።

«ድኻ ደስታ አይገባውም ወይ?» የሚለው ጥያቄ ይቀራል፤ ይህ ቁም ነገር ነው። ይገባዋል። ማታ ከሥራ ደክሞ ገብቶ ዜናውን፣ ድራማውን፣ በዋግ ቋንቋ በኽምጣና የሚተላለፈውን ዝግጅት ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብሎ ማየት የማንም መብት ነው፤ የሰው ኪስ መቁጠርም ነውር ነው። ግን ደስታውን እንቁጠር። በመስከረም 2018 የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛው ደመወዝ 6,000 ብር ሆኗል፤ ይህን ይዞ አንባቢ ራሱ ሱቅ ገብቶ ስንት ወር ሳይበሉ መቆየት እንደሚያስፈልግ ያስላ። ባለ 32ቱም ያንኑ ዜና ያነባል፣ ያንኑ ኽምጣና ይናገራል። የሚበላውም ኃይል አነስተኛ ስለሆነ፣ በ12 ቮልት የሚሠራው ዓይነት ከተገኘ፣ ከሶላርና ከባትሪ ጋር ተያይዞ መብራት በሌለበት ማታም ይበራል። ከዋጋው ልዩነት ስታብላይዘሩም ይገዛል፣ የዲሽ ባለሙያውም ይከፈላል፣ እንቁላሉም ይተርፋል። ትልቁ ከትንሹ የሚበልጥበት ብቸኛ ነገር ጎረቤት ገብቶ ሲያይ የሚቀናው ቅናት ነው፤ ያ ደግሞ የጎረቤት እንጂ የገዢው ደስታ አይደለም።

ይሁን እንጂ ባለ 32 ኢንች የገዛ ሰው እንግዳ ገብቶ «ስንት ኢንች ነው?» ሲለው አንገቱን መድፋቱ አይቀርም፤ የኑሮን ክብደት የማያውቅ ተቺ ብቻ ነው ይህን የሚንቀው። መላ አለው። ባለ ኤሌክትሮኒክስ ሱቆች የባለ 55 ኢንች ባዶ ካርቶን ይተርፋቸዋል። ባለ 32ቱን ገዝቶ ካርቶኑን ለምኖ መውሰድ፣ ቤት ሲገቡም ጽሑፉን ወደ በሩ አዙሮ ቁም ሣጥኑ ላይ መስቀል ነው። ካርቶን መብራት አይቆጥርም፣ ሳተላይት አይከተልም፣ ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ ለመታየት የተገዛ ዕቃ ሊሠራ የሚገባውን ሁሉ ይሠራል። ሱቁ በነጻ አልሰጥም ካለ ዋጋ መከራከር ነው፤ ፎርኬ የተጻፈበት ግን ትንሽ ይወደዳል።